ባለካሜራዋ ስልኬና የአያቴ ፎቶግራፍ

ለዘንድሮው መጽሔታችን ስለ አንድ መሣሪያ አሠራር እንድጽፍ በተነገረኝ ጊዜ፥ ጓደኞቼ ስለ ሮኬት ወይም ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብትጽፍ ይሻላል ብለው መክረውኝ ነበር። እኔ ግን በእጄ ያልነካሁትን ነገር ከመተንተን ይልቅ፥ ከአራት ዓመት በላይ በኪሴ የኖረችውን ስልክ መግለጥ ይሻለኛል ብዬ ይህን አዘጋጀሁ። ስልኬ የኖኪያ ሥራ የሆነችው 2700 ክላሲክ ናት። ሞዴሏ ለገበያ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ስለሆነ፥ በዕድሜ የምበልጣት በሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ነው።

የሰጠኝ አጎቴ ነው። እርሱ በጣት የሚዳሰስ ትልቅ ስልክ ሲገዛ አሮጌዋን «እስኪ ለጥናት ትሁንህ» ብሎ ጣለልኝ። የጀርባ ክዳኗ በፕላስተር ታስሮ፥ የ5 ቍጥር ቍልፏም ፊደሉ ጠፍቶ ነበር። ለጥናት ሆነችኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ነገር ግን ስለ እርስዋ ያጠናሁት በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ከተማርሁት አያንስም።

የክፍል ጓደኞቼ ከእነርሱ ስልክ ጋር ሲያስተያዩአት ይስቁባታል። እውነትም ስክሪንዋ ከማእዘን እስከ ማእዘን 2 ኢንች ብቻ ነው። ባትሪዋ የሚይዘው 1,020 ሚሊአምፔር ሰዓት ሲሆን፥ ዛሬ የሚሸጡት ስልኮች የዚህን አራትና አምስት ዕጥፍ ይይዛሉ። የሆነ ሆኖ የእነርሱ ማታ ማታ ከሶኬት ጋር ታስሮ ሲያድር፥ የእኔዋ ሦስት ቀን ትውላለች። ይህ ተአምር አይደለም። ትንሽ ስክሪን ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል፤ ደግሞም ሳይታዘዝ በስውር ኢንተርኔት የሚጐበኝ የፕሮግራም መንጋ የላትም።

ሬዲዮም አላት፤ ግን የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ካልተሰካ በቀር አትሰማም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጕድለት ይቈጥረዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የኤፍ ኤም ማዕበል ርዝመት 3 ሜትር ያህል ስለሆነ፥ እርሱን በደኅና ለመቀበል አንቴናው የማዕበሉን አንድ አራተኛ፥ ማለትም ክንድ ከስንዝር ያህል ቢረዝም ይመረጣል። ይህን የሚያህል ዘንግ በኪስ ስልክ ላይ መትከል ስለማይመች፥ ሠሪዎቹ የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ አንቴና አደረጉት። እኔም ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሬዲዮው ሲንጫጫ ስልኬን በመዳፌ መምታት ትቼ ገመዱን እዘረጋለሁ።

ስለ ጨዋታዎቿ ሳልናገር ባልፍ ታናናሾቼ ይቀየሙኛል። በትርፍ ሰዓት እየተቀባበልን የምንጫወተው ባውንስ ቴልስ የሚባለውን ነው፤ አንዲት ቀይ ኳስ እየነጠረች ኮረብታና ገደል የምታልፍበት ነው። ይህን ጨዋታ የሠራው ሮቪዮ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ሲሆን፥ ኋላ በ2009 እ.ኤ.አ. አንግሪ በርድስ በሚባለው የወፎች ጨዋታ በዓለም ሁሉ ታወቀ። ከእርሱ አስቀድሞ ደግሞ ታኔሊ አርማንቶ የሚባል የኖኪያ መሐንዲስ እባቧን ጨዋታ ሠርቶ በ1997 እ.ኤ.አ. ኖኪያ 6110 በተባለው ስልክ አውጥቷት ነበር። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ሁሉ ኮረብታ፥ ሙዚቃና ኳስ ተጠቅልሎ ከአንድ ሜጋባይት በታች ቦታ ይይዛል! ጨዋታው የተጻፈው ጃቫ በተባለ ቋንቋ ነው። ጃቫ ለአንድ ፋብሪካ ስልክ ብቻ አይጻፍም፤ በእያንዳንዱ ስልክ ውስጥ እንደ አስተርጓሚ የሚሠራ ፕሮግራም ተቀምጦ ጨዋታውን ለዚያ ስልክ በሚገባው አነጋገር ይተረጕምለታል። ስለዚህ አንዱን ጨዋታ ከኖኪያም ከሳምሰንግም ላይ ማጫወት ይቻል ነበር። በእርግጥ አስተርጓሚ በመካከል ሲገባ ወሬው ትንሽ ይዘገያል፤ ኳሲቱም አንዳንድ ጊዜ ዘግየት እያለች የምትነጥረው በዚህ ይመስለኛል።

ዘፈን የምንለዋወጠው በብሉቱዝ ነው። ስሙ የተወሰደው በ10ኛው መቶ ዘመን ከነበረው ሃራልድ ከተባለ የዴንማርክ ንጉሥ ቅጽል ስም ሲሆን፥ ትርጕሙ ሰማያዊ ጥርስ ማለት ነው። እንግዲህ ክፍል ውስጥ «ብሉቱዝህን አብራ» ስንባባል ሳናውቀው የአንድ ንጉሥ ጥርስ እናነሣለን ማለት ነው። መላኩ ገንዘብ አያስከፍልም፤ ችግሩ የተላከውን የሚያስቀምጡበት ቦታ ማጣት ነው። የእኔም ስሕተት የጀመረው ከዚህ ላይ ነው።

በስልኬ ውስጥ ያለው የማስታወሻ ካርድ 1 ጊጋባይት ነው። አራት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን በተለመደው የኤምፒ3 መጠን ሲቀመጥ 4 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ ካርዱም ከ250 ያህል ዘፈን በላይ አይችልም። እኔ ግን ዘፈንም፥ ቪዲዮም፥ ጨዋታም አሰስቼ አላውቅም ነበር። ካርዱ ሲሞላብኝ ከየት ልቀንስ ብዬ ሳስብ፥ የካሜራውን ማስተካከያ ከፍቼ የሥዕሉን መጠን ከ1600 በ1200 ወደ 640 በ480 ዝቅ አደረግሁት። በስክሪኑ ላይ ሳየው ልዩነት የለውም። ስክሪኑ ራሱ 240 በ320 ነጥብ ብቻ ስለሆነ፥ ሁለቱም ሥዕሎች እዚያ ላይ አንድ መስለው ይታያሉ። ብልኅ የሆንሁ መሰለኝ።

ምን እንዳደረግሁ ለመረዳት ካሜራው እንዴት እንደሚያይ ማወቅ ያስፈልጋል። ከትንሿ መነጽር በስተጀርባ የምስር ፍሬ የምታህል የሲሊከን ገበታ አለች። በላይዋ ብርሃን ሲያርፍባቸው የኤሌክትሪክ ሙል የሚያጠራቅሙ እጅግ ጥቃቅን ጕድጓዶች ተደርድረዋል፤ ከእነርሱ የሚወጡት የሥዕል ነጥቦች ፒክስል ይባላሉ። እንዲህ ያለችው ገበታ ከስልክ ውስጥ ልትገባ የቻለችው ኤሪክ ፎሰም የተባለ መሐንዲስና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ቤተ ሙከራ ለመንኰራኵር የሚሆን ትንሽና ኃይል ቈጣቢ ካሜራ ሲፈልጉ በሠሩት ሥራ ምክንያት ነው። ጕድጓዶቹ ብርሃንን እንጂ ቀለምን አይለዩም። ስለዚህ በየአንዳንዳቸው ላይ ባለቀለም ክዳን ተደርጓል፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፥ ሩብ ቀይ፥ ሩብ ሰማያዊ ናቸው። ይህን አደራደር የፈለሰፈው ብራይስ ቤየር የሚባል የኮዳክ ባለሙያ ነው። አረንጓዴው የበዛው የሰው ዓይን የብርሃንን ልዩነት አጥርቶ የሚያየው በዚያ ቀለም ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ ጕድጓድ የሚያየው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ የቀሩትን ሁለቱን ስልኩ ከጎረቤቶቹ እየጠየቀ ይገምታል።

ይህ ሁሉ ከተጀመረ ብዙ ጊዜ አይደለም። ፊሊፕ ካን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. ጁን 11 ቀን 1997 በካሊፎርኒያ ሴት ልጁ በተወለደች ጊዜ፥ ካሜራና ላፕቶፕ ከስልኩ ጋር በገመድ አገናኝቶ የሕፃኒቱን ፎቶግራፍ ለወዳጆቹ ላከ። በ2000 መጨረሻ ሻርፕ በጃፓን ያወጣው ባለካሜራ ስልክ 110,000 ነጥብ ነበረው። የኖኪያ 7650 በ2002 ሲመጣ 640 በ480፥ ማለት 300,000 ያህል ነጥብ ያነሣ ነበር። የእኔዋ 1600 በ1200 ስታነሣ 1,920,000 ነጥብ ትመዘግባለች። ውድ አንባቢ፥ ሒሳቡን ልብ በል፤ እኔ መጠኑን ዝቅ ባደረግሁ ጊዜ ስልኬን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ መለስኋት።

በ2015 ዓ.ም. ለፋሲካ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ወዳለው የአያቶቼ ቤት ሄድን። አያቴ ጋቢያቸውን ለብሰው፥ ከዘራቸውን በጕልበታቸው መካከል አቁመው፥ በበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስልኬ ብልጭታ የሚሰጥ መብራት ስለሌላት ቤት ውስጥ ማንሣት አይቻልም፤ ስለዚህ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ እንዲያዞሩ ለመንኋቸው።

«አባባ፥ እባክዎ ወደዚህ ይመልከቱ» አልሁ።

«ጥቁር ጨርቅ ሳትከናነብ ነው የምታነሣኝ?» አሉኝ፤ የድሮዎቹን ፎቶ አንሺዎች አስበው ነው።

እኔ ቍልፉን ቀደም ብዬ ተጭኜዋለሁ። የእንደዚህ ዓይነቶቹ ስልኮች አንዱ ጠባይ ከተጫኑት በኋላ ጥቂት ቈይተው ማንሣታቸው ነው፤ በዚህ ጠባይዋ ስንት ዶሮ ከሥዕሉ ወጥቶ አምልጦኛል። በዚያን ቀን ግን መዘግየቷ ጠቀመኝ። አያቴ ቀልዳቸውን ጨርሰው ሲሥቁ ቀጭ አለች።

አያቴ በ2016 ዓ.ም. ዐረፉ። ለአርባቸው ተዝካር በድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጥ ትልቅ ፎቶግራፍ ሲፈለግ፥ ከቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ካለው ጕርድ በቀር አልተገኘም፤ እርሱም ማኅተሙ ግንባራቸው ላይ አርፎበታል። ያን ጊዜ የእኔ ፎቶግራፍ ትዝ አለኝና ካርዱን ይዤ ወደ ፎቶ ቤት ሮጥሁ።

ፎቶ አንሺው በኮምፒዩተሩ ከፍቶ ካየው በኋላ ዝም አለ። የተፈለገው መጠን 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው። ጥርት ላለ እጥበት በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ ቢኖር ይመረጣል፤ የእኔን 640 ነጥብ በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ ብንዘረጋው ግን ለአንድ ኢንች የሚደርሰው 40 ብቻ ነው። በትልቁ መጠን አንሥቼው ቢሆን ኖሮ 100 ይደርሰው ነበር፤ ይህም ከሩቅ ለሚመለከተው ያስኬዳል። የአያቴን ፊት በነጥብ ለክቼው ነበር፤ ስፋቱ 90 ያህል ነው። በ90 ነጥብ ውስጥ የአንድ ሰው ፊት ምን ያህል ይገባል? የሆነ ሆኖ አሳድጎ አጠበልኝ። ጋቢያቸው እንደ ዳማ ገበታ አራት ማእዘን በአራት ማእዘን ሆነ። ይህም ስልኩ ሥዕሉን ጄፔግ በሚባለው ዘዴ ሲያጨመድደው 8 በ8 በሆኑ ነጥቦች እየከፈለ፥ ዓይን አያስተውለውም ብሎ የሚገምተውን ዝርዝር ስለሚጥል ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያናደደኝን ልናገር። ካሜራው አያቴን በሚገባ አይቷቸው ነበር። የገበታዋ ጕድጓዶች ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋውን ነጥብ ለቅመው ሰጥተዋል፤ ከዚያ ስልኩ በእኔ ትእዛዝ ከስድስቱ አምስቱን ጣለው። ትንሹ ሥዕል በስልኬ ላይ 50 ኪሎባይት፥ ትልቁ 500 ኪሎባይት ያህል ይወስዳል። በዚያ ሁለት ዓመት ያነሣኋቸው 80 ፎቶግራፎች ናቸው። እንግዲህ በስስቴ ያተረፍሁት 36 ሜጋባይት፥ ማለት ዘጠኝ ዘፈን ነው። ከዘጠኙም አምስቱን ዛሬ ብሰማቸው አላውቃቸውም።

ፎቶ አንሺው አዝኖልኝ «በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላጥራልህ» አለ። አጠራውም! የቅንድቡ ጠጕር አንድ በአንድ የሚቈጠር፥ ጥርሱ የተሟላ፥ ቈዳው የተወለወለ ሽማግሌ ብቅ አለ። ደስ ብሎኝ ወስጄ ለእማማ ሰጠኋቸው። እማማ ወደ ብርሃን አውጥተው፥ አቅርበውም አርቀውም ተመለከቱት።

«ልጄ፥ እኔ ያገባሁት ይኸን ሰውዬ አይደለም» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ፕሮግራሙ ከዚህ በፊት ከተማረባቸው ብዙ ፊቶች እየተነሣ፥ የጐደለውን ሊመስል በሚችል ነገር ይሞላዋል እንጂ የጠፋውን አያመጣውም። አያቴ በግራ በኩል ሁለት ጥርስ አልነበራቸውም፤ ያንን ማሽኑ ከየት ይወቀው?

በመጨረሻ የተስማማነው ምንም ሳይነካ፥ በልኩ እንዲታጠብ ነው። 11 በ8 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወጣ፤ ከፖስት ካርድ ያንሳል። ፎቶ አንሺው በዙሪያው ሰፊ ነጭ ወረቀት ትቶ ክፈፍ አደረገለት። ከድንኳኑ በር ላይ ሆኖ ማንም ሊያየው አልቻለም። ለቅሶ የመጡት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ጠረጴዛው እየቀረቡ፥ ጐንበስ እያሉ፥ አንዳንዶቹም በእጃቸው እያነሡ ነበር የሚያዩት። አንድ የዕድር ሰው «ሲሥቅ ነው እኮ» ብለው መልሰው አስቀመጡት።

አሁን የካሜራዬ መጠን 1600 በ1200 ላይ ነው። ብዙዎቹን ዘፈኖች አጥፍቻለሁ፤ ባውንስን ግን አልነካሁትም። ባለፈው ፋሲካ እማማን በበሩ አጠገብ፥ በዚያው መደብ ላይ አስቀምጬ አነሣኋቸው። «ጥርሴ አይታይ» ብለው ግማሽ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሌላ ቀን እሞክራለሁ።