አሜጃና የድብርት ሕመም

ድብርት ከሁለት ሳምንት በላይ የሚዘልቅ ሐዘን፣ የእንቅልፍ መዛባትና የሥራ ፍላጎት ማጣት የሚታይበት ሕመም ነው። ስንፍና አይደለም፤ ይታከማል።

በጀርመን ሃይፐሪከም ፐርፎራተም ከተባለ ባለቢጫ አበባ ተክል የተዘጋጀ መድኃኒት ለቀላልና ለመካከለኛ ድብርት ይሰጣል። በተክሉ ውስጥ ያለው ሃይፐርፎሪን፣ ስሜትን የሚቆጣጠሩ እንደ ሴሮቶኒን ያሉ የአንጎል ንጥረ ነገሮች ቶሎ እንዳይወገዱ ያደርጋል።

በደጋችን የሚበቅለው አሜጃ የዚህ ተክል ዘመድ ነው። ሆኖም ዝርያው ስለሚለይ የንጥረ ነገሩ መጠን አንድ አይደለም። አሜጃን ቀቅሎ መጠጣት መድኃኒቱን አይተካም።

ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች፦

1. ሃይፐሪከም ፐርፎራተም ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ የኤችአይቪ መድኃኒትንና የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልን ኃይል ይቀንሳል።
2. ይህንን ተክል በብዛት የበላ ነጭ በግ ወይም ከብት ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳው ይቆስላል።
3. የታዘዘ የድብርት መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር አይቋረጥም፤ ከዕፅዋት መድኃኒት ጋርም አይደባለቅም።
4. ምልክቱ የታየበትን የቤተሰብ አባል ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ። ስለ ሞት የሚያወራ ከሆነ ብቻውን አይተዉት፤ በቤት ያለውን ፀረ ተባይ ኬሚካል ወዲያውኑ ቆልፈው ያስቀምጡ።