ምዕራፍ 4፦ ውሃው የት ነው?

ስለ ውጫዊና ውስጣዊ ፅንሰት የሚጻፉ መማሪያዎች አንድ ሰንጠረዥ አያጡም። በግራ ዓሣና እንቁራሪት፣ በቀኝ ወፍና አጥቢ እንስሳ ይሰለፋሉ፤ ተማሪውም ግራውን ኋላ ቀር፣ ቀኙን የሠለጠነ አድርጎ ይሸመድዳል። ይህ አገላለጽ ዘወትር ያናድደኛል። የወንዴ ዘር የሚዋኘው በፈሳሽ ውስጥ ነውና መጠየቅ ያለበት ውሃው የት እንዳለ ነው።

አምባዛን እንውሰድ። በማራቢያ ጣቢያ ስንሠራ ሴቷን ሆርሞን እንወጋለን፤ ሰዓቷን ጠብቀን ሆዷን ቀስ አድርገን ስንጫን አረንጓዴ ወደ ቡናማ የሚያደላ እንቁላል ሳህኑ ላይ ይንቆረቆራል። ከወንዱ ግን ዘሩ በመጫን ስለማይወጣ ታርዶ የዘር ፍሬው ይወጣለታል። ሳህኑ ደረቅ መሆን አለበት። ዘሩን እንቁላሉ ላይ አፍስሰን በዶሮ ላባ ካማሰልን በኋላ ነው ውሃ የምንጨምረው። አንድ ጊዜ አዲስ ሠልጣኝ ለንጽሕና ብሎ እንቁላሉን አስቀድሞ በውሃ አለቀለቀው። በማግስቱ አብዛኛው ነጭ ሆኖ ሞቶ አገኘነው። ውሃ ሲነካው እንቁላሉ ያብጣል፤ ዘር የሚገባባት አንዲት ቀዳዳም ትዘጋለች። የወንዱ ዘርም ውሃ ሲያገኝ ይነቃል፣ ጉልበቱ ግን ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ውጫዊ ፅንሰት ማለት ይህች ደቂቃ ናት።

«ታዲያ ይህን ሁሉ እንቁላል መበተን ብክነት አይደለም?» ይሉኛል። ጤፍ የሚዘራውን ገበሬ ግን ማንም አባካኝ አይለውም። ደጋግሞ ያርሳል፣ ዝናብ ይጠብቃል፣ ደቃቋን ዘር በእጁ ይበትናል። የጣና አጥማጆች ነጭ ዓሣ ከሚሏቸው ትልልቅ ባርበሶችም በርካታዎቹ ክረምቱን ጠብቀው ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች ይወጣሉ፤ ንጹሕ ውሃ የሚፈስበት ጠጠር እርሻቸው ነው። ወፍ እህል እንደሚለቅም ሌላው ዓሣ እንቁላሉን ይለቅማል። ቆሮሶ ደግሞ ማማ ሠርቶ የሚጠብቅ ገበሬ ነው። ወንዱ አሸዋውን ይጎደጉዳል፣ ሴቷ ትጥላለች፣ ዘሩ ሲፈስበት እንቁላሉን ለቅማ በአፏ ትይዘዋለች፤ ማማው አፏ ነው። ዶሮስ? ዶሮ ጎተራ አላት። የአውራው ዘር በእንቁላል መውረጃ ቱቦዋ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይከማቻል፤ አውራው ለበዓል ቢታረድ እንኳ ሁለት ሳምንት ያህል ጫጩት የሚሆን እንቁላል ትጥላለች። ዘር በቅርፊት አያልፍምና ፅንሰቱ ነጩም ቅርፊቱም ከመሠራታቸው በፊት፣ አስኳሉ ከእንቁልጢው በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ መፈጸም አለበት። በደረቅ ምድር የሚዋኝበት ውሃ ስለሌለ ፈሳሹ ያለው በእናቲቱ ሰውነት ውስጥ ነው።

ወደ «ኋላ ቀር» ወደሚለው ልመለስ፤ ይህን ሳላነሳ አላልፍም። ከምዕራብ አውስትራሊያ የጎጎ አለቶች የወጣ፣ 380 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የዓሣ ቅሪተ አካል አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን በሆዱ ውስጥ ፅንስ ከነእትብቱ ተገኝቶበታል። ስሙ ማተርፒሲስ ነው። ውስጣዊ ፅንሰት ወፍና አጥቢ ከመፈጠራቸው እጅግ ቀድሞ በዓሣ ዘንድ ነበር ማለት ነው። ዛሬም ሻርኮች ሁሉ የሚፀንሱት በሆዳቸው ነው። ከእንቁራሪት ወገንም የባሌ ተራሮቿ ትንሽ ጉርጥ ውስጧ ፀንሳ እንቁላሏን በየብስ ላይ ትጥላለች። ሰንጠረዡ እነዚህን የት ሊያስገባቸው ነው?

የጣናውን ጉዳይ ግን ሳይነገር መተው አልችልም። ዘሩን ውሃ ላይ የሚያፈስ ዓሣ ወንዱም ሴቷም በአንድ ሰሞን፣ በአንድ ቦታ መሰብሰብ አለባቸው። በክረምት በወንዞቹ አፍ ላይ የሚዘረጋ መረብ የሚይዘው ይህን ስብስብ ነው፤ ነጭ ዓሣ ከተመናመነባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ዓሣው እንቁላል የሚጥልበት ወቅት እስኪያልፍ በርብና በጉማራ አፍ ላይ መረብ አትዘርጉ፤ ዘርግቶ ያያችሁትንም ከልክሉ።