ርእስ ይዞ ዘፈን መምረጥ

በአንድ ሰዓት የሙዚቃ ፖድካስት ውስጥ የአቅራቢው ወሬ ተቀንሶ ከአስር፣ ከአስራ ሁለት ዘፈን በላይ አይገባም። የአዘጋጁ ስልክና ኮምፒውተር ግን በዘፈን የተጨናነቀ ነው። ያንን ሁሉ አበጥሮ አስሩን የሚያስቀርለት ርእሱ ነው።

በዚህ አሠራር ስሙ የገነነው የአሜሪካዊው ዘፋኝ የቦብ ዲላን የሬዲዮ ዝግጅት ነው። ዲላን እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ርእስ እየመረጠ የድሮውን ከአዲሱ፣ ብሉዙን ከካንትሪው ያቀላቅል ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ስለ አየር ጠባይ፣ ሁለተኛው ስለ እናት፣ አምስተኛው ስለ ቡና ነበር።

ቡናን የወለጋዋ የነቀምት አዘጋጅ ቢይዘውስ? ከተማዋ ስሟ በዓለም ገበያ የቡና መጠሪያ ሆኖላታል። ግን «ቡና» ብቻውን ሰፊ ነው፤ የነጋዴውም፣ የለቃሚውም፣ የጎረቤት ጨዋታውም ቡና አለ። ርእሱ «ቡናና ምርቃት» ተብሎ ቢጠብ ግን፣ ፍሬው በቅቤ ተጠብሶ ከምርቃት ጋር የሚቀርብበት የኦሮሞው ቡና ቀላ መሃል ላይ ይቀመጣል፤ የንግዱ ዘፈን ምንም ቢወደድ ይቀራል። ጥሩ ርእስ የሚወዱትን ዘፈን እንዲተዉ ያደርጋል።

በወለጋ ደግሞ ዘፈኑ ራሱ ቦታና ወቅት አለው። የሠርጉ፣ የደቦው፣ የከብት ውዳሴው ለየብቻ ናቸው። ሰው ጀብዱውን ወይም ብሶቱን የሚያወጣበት ጌረርሳ በቃል የሚኖር ነው፤ አድማጩ ቃሉን ካልሰማ ምንም አልሰማም። በሁለት የጭፈራ ዘፈኖች መካከል ቢወሸቅ ይሰጥማል። ቦታው የክፍሉ መግቢያ ወይም አቅራቢው ትርጉሙን ነግሮ የጨረሰበት ነው። ጎረቤታሞች የሚሆኑ ዘፈኖችም በአንድ ነገር፣ በፍጥነት ወይም በቅኝት፣ ቢመሳሰሉና በሌላው ቢለያዩ ጆሮ አይሰለችም። የካሴት ዘመኑ ቅጂ ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከአዲሱ ጋር ሳይስተካከል አይለቀቅም።

ርእስ ሁልጊዜ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው የ«ኢትዮጲክስ» ተከታታይ አልበም 10ኛውን ለትዝታ፣ 28ኛውን ለአሊ ቢራ ሰጥቷል፤ አንዱን ቅኝት፣ ሌላውን አንድ ድምፃዊ ነው ያያያዘው።

ነቀምት በዚህ ሙያ የቆየ ዘመድ አላት። አስቴር ጋኖን እ.ኤ.አ. በ1886 የኢጣሊያ ባሕር ኃይል ከባሪያ ነጋዴዎች ጀልባ አስጣላትና ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረች። እዚያም 500 ያህል የኦሮሞ እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን በጽሑፍ አሰባሰበች። ከተርጓሚው ኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተመችው የጀማሪዎች ማንበቢያ ውስጥ ከነዚህ ብዙዎቹ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሳ ነቀምት ላይ አስተማረች። ክምችቱ አንድ ነገር ነው፤ ለልጅ ንባብ የሚሆነውን ከውስጡ መለየት ሌላ። ፖድካስቱም የሚሠራው በሁለተኛው ነው፤ በሠርግ ላይ በስልክ የተቀዳ ድምፅ ክምችት ነው፣ ክፍል የሚያደርገው መራጩ ነው።

ከመልቀቅ በፊት ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው ፈቃድ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዜማውንም፣ ግጥሙንም፣ ቅጂውንም ለባለቤቱ ስለሚጠብቅ ባለመብቱን መጠየቅ፣ ስሙንም መጥራት ግድ ነው። ሁለተኛው ፈተና ነው፤ ከዝርዝሩ አንድ ዘፈን አውጥቶ እንደገና ማዳመጥ። ክፍሉ ምንም ካልጎደለው ያ ዘፈን ለሌላ ርእስ ይቆይ።