እጣ የሚወጣበት ደን

የፓናማ ቦይ ሲሠራ የቻግረስ ወንዝ ተገደበና የጋቱን ሐይቅ ሸለቆውን ዋጠው። ከውሃው በላይ የቀረችው የኮረብታ ጫፍ ዛሬ ባሮ ኮሎራዶ የተባለች፣ ጥቅጥቅ ባለ ደን የተሸፈነች ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1980 ስቴፈን ሃብልና ሮቢን ፎስተር የተባሉ ተመራማሪዎች በደሴቷ ላይ 50 ሄክታር ደን ከልለው ቆጠራ ጀመሩ። ግንዱ አንድ ሴንቲ ሜትር የሞላ ዛፍና ቁጥቋጦ ሁሉ ተለካ፤ ቁጥር ተሰጠው፤ ያለበት ቦታም በካርታ ላይ ሰፈረ። ከ200,000 በላይ ግንድና 300 ያህል ዝርያ ተገኘ። ቆጠራው እስካሁን በየአምስት ዓመቱ ገደማ ይደገማል።

ዛፍ ሁሉ የሚሻማው በብርሃን፣ በውሃና በአፈር ነው። ታዲያ ብርቱው ሌላውን ለምን አላጠፋም? ብዙ ዛፍ ከሰው ዕድሜ በላይ ስለሚኖር ቆሞ አይቶ መልሱን ማግኘት አይቻልም። ሒሳባዊ ሞዴል የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ሃብል በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ሞዴል ደፋር ነው። ደኑ ሙሉ ስለሆነ አንዱ ዛፍ ካልሞተ ሌላው ቦታ አያገኝም። ሲሞት ወራሹ በእጣ ይለያል። ብዙ ዛፍ ያለው ዝርያ ብዙ እጣ አለው፤ አንዳንዴ እጣው ከሩቅ ለመጣ ዘር ይወጣል፤ ከስንት አንዴም አዲስ ዝርያ ይፈጠራል። ከዚህ ሌላ፣ ዝርያ ከዝርያ አይበላለጥም። የሚገርመው፣ ከዚህ ስሌት የወጣው ውጤት ቆጠራውን በእጅጉ መሰለ፤ ጥቂት ዝርያ እጅግ በዝቶ፣ ብዙው ግን ብርቅ ሆኖ ታየ።

ሆኖም መልክ መምሰል ምክንያቱን አያረጋግጥም። ዳንኤል ጃንዘን በ1970፣ ጆሴፍ ኮኔል በ1971 ሌላ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ በእናት ዛፍ ሥር የወደቀውን ዘርና ቡቃያ ያንኑ ዝርያ የለመዱ ነፍሳትና ፈንገሶች ስለሚያጠቁት፣ ቦታው ለባዕድ ዝርያ ይለቀቃል። በ2010 የወጣ ጥናትም በዚያው ደን በዘመዶቹ የተከበበ ቡቃያ ይበልጥ እንደሚሞት፣ ጉዳቱም በብርቅ ዝርያዎች ላይ እንደሚበረታ አሳየ። እጣው እኩል አልነበረም።

ታዲያ የሃብል ሞዴል ከንቱ ነው? አይደለም። ነጋዴ እህሉን ከመመዘኑ በፊት ባዶውን ሚዛን ያስተካክላል። ሞዴሉም አጋጣሚ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ ይነግረናል፤ ከዚያ የሚተርፈውን ደኑ ራሱ የሠራው ነው ብለን የምንመረምረው ያኔ ነው።

እንዲህ ያለ ስሌት ለደን ጥበቃም ይበጃል። በ2013 ተመራማሪዎች ከአማዞን ደን ናሙናዎች ተነሥተው 390 ቢሊዮን ዛፍና 16,000 ዝርያ እንዳለ ገመቱ። ግማሹን ዛፍ የሚይዙት 227 ዝርያዎች ብቻ ናቸው። 6,000 ያህሉ ግን እያንዳንዳቸው ከ1,000 በታች ዛፍ ያላቸው ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹን በስሌት እንጂ በዓይን አናውቃቸውም። ስም ሳይወጣላቸው በመጋዝ እንዳይጠፉ፣ ቁጥሩን ይዞ ወደ ደኑ የሚገባ ቆጣሪ ያስፈልጋቸዋል።