በሰንጠረዥ ጨዋታ ወረራ ስለሚባለው አከፋፈት

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በየሻይ ቤቱ ደጃፍ ወጣቶች በቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ ማየት የተለመደ ነው። የጥንቱ ሰንጠረዥ ግን ዛሬ ከሰሌዳ ይልቅ በይበልጥ የሚገኘው በመጻሕፍት ነው። ከጨዋታውም ውስጥ ከሁሉ የሚያስደንቀው ወረራ የተባለው አከፋፈት ስለ ሆነ፣ አሠራሩን በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

በዛሬው ቼዝ ተጫዋቾች ከመጀመሪያው አንሥቶ በየተራ ይጫወታሉ። በሰንጠረዥ ግን ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ። አንደኛው የባላጋራውን ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በተራ ይሆናል።

ምክንያቱ ከጠጠሮቹ አረማመድ የመጣ ይመስለኛል። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ስለሚዘል ከ64ቱ ቤቶች ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። እግረኛም ከአንድ ቤት በላይ አይራመድም፤ ስለዚህ በዛሬው ቼዝ ሁለት እግረኞች በ2 እርምጃ ለመበላላት ሲደርሱ፣ በሰንጠረዥ 4 ያስፈልጋል። ዐረቦች በሻጥራንጅ ጨዋታቸው ይህንኑ ዝግታ በስም የታወቁ አሰላለፎችን በማጥናት አቃለሉት። የእኛ አባቶች ግን አሰላለፉን እዚያው እያዩ ይመርጡ ነበር። ባላጋራው ፈረሱን ወደ ግራ ሲያዞር፣ ሌላው ያንቀሳቀሰውን መልሶ በዚያው አንጻር ያሰልፋል።

ከባዱ ጥያቄ መቼ መብላት እንደሚገባ ነው። በብሪጅ ካርታ ጨዋታ የሚከፍተው ሰው ለአስ 4፣ ለንጉሥ 3፣ ለንግሥት 2፣ ለጃክ 1 ቈጥሮ 12 ወይም 13 ሲሞላለት ይጠራል። ወረራ እንዲህ ያለ ሒሳብ የለውም። የመጀመሪያዋን እግረኛ መብላት ትርፍ ቢመስልም፣ በላተኛው የራሱንም ነጻነት ይዘጋል፤ ያልተሰለፈ ጠጠር ካለው ከዚያ በኋላ በየተራው አንድ አንድ እያለ ማውጣት ግድ ይሆንበታል። በፈረስ ወይም በግንብ ንጉሥ መግደል እንደ ጥበብ ስለማይቈጠር፣ በእግረኛ መግደል ግን ስለሚያስመሰግን፣ ብልህ ሰው እግረኞቹን ለመክፈቻ ብሎ በከንቱ አያስበላም።

እንግሊዛዊው ቆንስል ፕላውደን በ1868 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ፣ ሪቻርድ ፓንክኸርስትም በ1971 እ.ኤ.አ. በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ ስለ ሰንጠረዥ ጽፈዋል። ነገር ግን የቼዝ ጨዋታ የሚመዘገበው በተራ ቍጥር ስለ ሆነ፣ ተራ የሌለው ወረራ በዚያ መንገድ ሊጻፍ አይችልም። ጨዋታውን የሚያውቅ ሽማግሌ በቤተ ዘመዱ ያለው ተማሪ፣ ደንቡን ጠይቆ ከመጻፍ ይልቅ ሲጫወቱ በፊልም ቢያነሣ ይሻላል።