ፍርሃት በሁለት ደቂቃ ተኩል

የአስፈሪ ፊልም ትሬይለር ብዙውን ጊዜ ከሁለት ደቂቃ ተኩል አይበልጥም። በዚህች አጭር ጊዜ ከማናውቀው ቤተሰብ ጋር ያስተዋውቀናል፤ የማናውቀው ቤት ውስጥ ያስገባናል፤ ከዚያም ልባችንን ሰቅሎ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ አስፈሪውን ነገር በቅጡ ሳያሳየን ነው። በሩን ያሳየናል፤ ከበሩ ጀርባ ያለውን በሐሳባችን የምንጨርሰው እኛው ነን። የጥበቡ ሁሉ መሠረት ይኸው ነው። ካሜራው፣ መብራቱና ድምፁ በየፊናቸው የሚደክሙት ተመልካቹ ማየት የሚፈልገውን ነገር ለማዘግየት ነው።

በጅማና በአጋሮ መካከል በምትገኘው በየቡ ከተማ ትሬይለር ለማየት ሲኒማ አዳራሽ መግባት አያስፈልግም። በየከተማው ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቆ ፊልም የሚታይበት ዘመን ነበር። ቀጥሎ ዲሽ መጣ፤ የአረብ ጣቢያዎች የሆሊውድን ፊልም ከነማስታወቂያው ሳሎን ድረስ አስገቡት። ዛሬ ወጣቱ ትሬይለሩን የሚያየው በዩቲዩብና በቴሌግራም፣ በእጁ በያዘው ስልክ ነው። ስክሪኑ ትንሽ ቢሆንም ማታ መብራት ሲጠፋና ኢርፎን ጆሮ ውስጥ ሲገባ ሁኔታው ለአስፈሪ ፊልም ከአዳራሹ ያልተናነሰ የተመቸ ይሆናል።

ሲኒማና ፍርሃት በአገራችን የተዋወቁት ገና ከመጀመሪያው ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። ያን ጊዜ ለማስፈራት የተለየ ብልሃት አላስፈለገም፤ ግድግዳ ላይ የሚራመድ ሰው ማየቱ ብቻ በቂ ነበር። ዛሬ ግን ተመልካቹ ምስልን ተላምዶታል። ስለዚህ ፍርሃቱ በዕቅድ፣ ሰከንድ በሰከንድ መሠራት አለበት።

ስጋትና ድንጋጤ

ትሬይለር ሠሪ በሁለት የተለያዩ ስሜቶች ይሠራል። አንዱ ድንጋጤ ነው። ያልታሰበ ኃይለኛ ድምፅ ስንሰማ ዓይናችን ይጨፈናል፣ ትከሻችን ይሰበሰባል፤ ይህ የሚሆነው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ፣ ገና ምን እንደሆነ ሳናስብ ነው። «ፊልም ነው» ብሎ ራስን ማጽናናት አይከለክለውም፤ ሰውነት ከሐሳብ ይቀድማል። ሁለተኛው ስጋት ነው፤ አንድ ነገር እንደሚመጣ እያወቁ መቼና ከየት እንደሚመጣ አለማወቅ። ድንጋጤ ብልጭ ብሎ ያልፋል፤ ስጋት ግን ይጠራቀማል። ጎበዝ ትሬይለር ሁለት ደቂቃ ሙሉ ስጋት ሲያጠራቅም ቆይቶ በመጨረሻዋ ሰከንድ በድንጋጤ ያፈነዳዋል።

ካሜራው

ካሜራ ስጋትን የሚፈጥርበት ቀላሉ መንገድ ዝግታ ነው። በባዶ ኮሪደር ወደ ተዘጋ በር ቀስ እያለ ሲጠጋ ምንም ሳይሆን ልባችን መምታት ይጀምራል፤ የምንሄደው እኛ ነንና፣ ማቆምም አንችልምና። ሁለተኛው መንገድ ባዶ ቦታ ነው። ሰውየው በምስሉ ጠርዝ ላይ ይቆማል፣ ከኋላው ሰፊ ጨለማ ይተዋል። ዓይናችን ፊቱን ትቶ ጨለማውን መፈተሽ ይጀምራል። ሦስተኛው ደግሞ ካሜራውን በሌላ ዓይን ቦታ ማስቀመጥ ነው። አንዲት ሴት ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ከቅጠል መሐል አሻግረን ስናያት፣ ማንም ሳይነግረን የሚመለከታት ሌላ ሰው እንዳለ እንረዳለን።

ካሜራ ምንም ሳይንቀሳቀስም ያስፈራል። የስታንሊ ኩብሪክ «ዘ ሻይኒንግ» እ.ኤ.አ. በ1980 ሲወጣ የተሠራለት ትሬይለር ከአንድ ሾት የተሠራ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሁለት ቀያይ የሊፍት በሮች ይታያሉ፤ በግራና በቀኝ ወንበር ተቀምጧል። የተዋንያኑና የሠሪዎቹ ስም ከታች ወደ ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል። ሰው የለም፣ ንግግር የለም፤ ሙዚቃው ብቻ እየጠነከረ ይሄዳል። ስሞቹ ካለፉ በኋላ ከአንደኛው በር ጠርዝ ደም መፍሰስ ይጀምራል፤ ወዲያው እንደ ጎርፍ ይገነፍልና የቤት ዕቃውን እየገፋ መጥቶ ካሜራውን ይሸፍነዋል። ማን ሞተ? ማን ገደለ? አንድም መልስ አልተሰጠም። ካሜራው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ የማይሸሽ ዓይን ሆኖ እኛንም መሸሻ አሳጣን።

መብራቱ

ሰው ፊትን የሚያውቀው ከላይ በሚወርድ ብርሃን ነው፤ ፀሐይም አምፖልም ከላይ ናቸውና። ብርሃኑ ከታች ሲመጣ ጥላው ይገለበጣል፤ የቅንድብ ጥላ ወደ ግንባር ይወጣል፣ የምናውቀው ሰው ባዕድ ይመስለናል። የስልክ ባትሪ አብርቶ ከአገጭ ሥር በመያዝ ማንም ሊሞክረው ይችላል።

ጥላም ራሱን የቻለ ተዋናይ ነው። ጀርመናዊው ሙርናው በ1922 በሠራው «ኖስፌራቱ» ውስጥ ደም መጣጩ ደረጃ ሲወጣ የምናየው ጥላውን ብቻ ነው፤ የተንጨፈረረው ጣት ግድግዳው ላይ እየረዘመ ይሄዳል። ያ ድምፅ አልባ ፊልም ያስተማረው ትምህርት ከመቶ ዓመት በኋላም በየትሬይለሩ ይሠራበታል።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የብርሃንን መጠን መቆጣጠር ነው። በ2013 የወጣው የጄምስ ዋን «ዘ ኮንጁሪንግ» ትሬይለር ይህን በአንዲት ክብሪት አሳይቷል። ልጆቹ ዓይን ታስሮ በጭብጨባ የሚፈላለጉበት የድብብቆሽ ጨዋታ አላቸው፤ ትሬይለሩ መጀመሪያ ጨዋታውን በቀን ብርሃን ያስለምደናል። በኋላ እናትየው ጨለማው ምድር ቤት ውስጥ ክብሪት ጭራ ትቆማለች። የምታየው ብርሃኑ እስከደረሰበት ድረስ ብቻ ነው፤ እኛም እንደዚያው። በዚያች ጠባብ ብርሃን ከጆሮዋ አጠገብ ሁለት እጆች ከጨለማው ይወጡና ያጨበጭባሉ። ፊት የለም፣ አካል የለም። ከጥቂት ሰከንድ በፊት የልጆች ጨዋታ የነበረ ጭብጨባ ሰውን ክው የሚያደርግ ሆነ።

ድምፁ

ትሬይለርን ድምፁን ዘግቶ ማየት ለሞከረ ሰው ምስጢሩ ይገለጥለታል፤ ፍርሃቱ አብዛኛው በጆሮ በኩል የገባ ነው። ዓይን መጨፈን ይቻላል፤ ጆሮ ግን ክዳን የለውም።

ሥራው የሚጀምረው በጣም ወፍራም በሆነ ድምፅ ነው። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 ጊዜ ጀምሮ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል፤ ወደዚህ ወሰን የተጠጋ ጉርምርምታ ከመሰማት ይልቅ ደረት ላይ ይከብዳል። የስልክ ስፒከር ይህን ማውጣት ስለማይችል ነው ያው ትሬይለር በኢርፎን ሲሰማ የሚብሰው። ቀጥሎ እየቀጠነና እየጮኸ የሚወጣ ድምፅ ይመጣል፤ የት እንደሚያበቃ ስለማይታወቅ ትንፋሽ ያሳጥራል። የ1979ኙ «ኤሊየን» ትሬይለር አንድ ቃል ሳይናገር፣ በተሰነጠቀ እንቁላልና እንደ ማስጠንቀቂያ ሳይረን በሚያለቅስ ድምፅ ብቻ ተመልካቹን አስጨንቋል።

የየቡ ሰው ወደ ላይ የሚወጣ ድምፅን ከፊልም አልተማረውም። የጅብ ጩኸት ከወፍራም ተነስቶ መጨረሻው ላይ ሽቅብ ይቀጥናል፤ በጸጥታ ሌሊት እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል። ከቡናው ጥላ ዛፎች ላይ ጉሬዛ ሊነጋጋ ሲል የሚያሰማው ሻካራ ጉርምርምታም ላልለመደው እንግዳ ፀጉር ያቆማል። ሆሊውድ በማሽን የሚያቀናብረው በየደጃችን አለ።

ጩኸት ለምን እንደሚያስጨንቅ ሳይንስም መርምሯል። ሉክ አርናልና ዴቪድ ፖፕል ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2015 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በተራ ንግግር የድምፅ ኃይል ከፍ ዝቅ የሚለው በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ሲሆን፣ በጩኸት ግን ከ30 እስከ 150 ጊዜ ይደርሳል። ይህ ሻካራነት አእምሮ ውስጥ አደጋን የሚያስተናግደውን ክፍል ይቀሰቅሳል። በርናርድ ሄርማን ለ1960ው «ሳይኮ» በቫዮሊንና በመሰል የክር መሣሪያዎች ብቻ ሙዚቃ ሲደርስ ይህ ጥናት አልነበረም፤ ጆሮው ግን ያውቅ ነበር። በሻወሩ ትዕይንት ቫዮሊኖቹ እንደ ሰው ይጮኻሉ።

የሙዚቃን ፍጥነት መቀነስም ሌላው ብልሃት ነው። የጆርዳን ፒል «አስ» ትሬይለር በ2018 መጨረሻ ሲወጣ ቤተሰቡ መኪና ውስጥ የሚዝናናበትን የታወቀ የ1995 የሂፕ ሆፕ ዘፈን ወስዶ ዝግ አድርጎ፣ በቫዮሊን አጅቦ ወደ ዛቻ ለወጠው። ሰው ስለወደደውም ያው ቅንብር ፊልሙ ውስጥ ገባ። የደስታ ዘፈን ሲበላሽ የሚያስፈራው የምናውቀው ስለሆነ ነው።

ከድምፅ ሁሉ የሚከብደው ግን ጸጥታ ነው። ሙዚቃው ድንገት ሲቆም ተመልካቹ ሳያውቀው ጆሮውን ያቆማል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ እጥፍ ሆኖ ይመታዋል። በ1942 በወጣው «ካት ፒፕል» አንዲት ሴት በሌሊት ብቻዋን ትሄዳለች፤ የእግር ኮቴ ይከተላታል፤ ኮቴው ይጠፋል። ጸጥታው ሲረዝም ድንገት አውሬ እንዳገሳ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ የአውቶቡስ ፍሬን ነው። አውሬ አልታየም፣ ሰው ግን ደነገጠ። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ በፕሮዲዩሰሩ በቫል ሉተን ስም ይጠራል።

አሰካኩ

ሦስቱ ዕቃዎች የሚገጣጠሙት ኤዲቲንግ ላይ ነው። አብዛኛው የዛሬ ትሬይለር የሚከተለው መንገድ አንድ ነው። መጀመሪያ ሰላማዊ ኑሮ፦ አዲስ ቤት፣ የሚስቁ ልጆች። ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ስንጥቅ፦ ራሱ የሚከፈት በር። ከዚያ ሾቶቹ እያጠሩ፣ ድምፁ እየጨመረ ይሄድና በአንዴ ቀጥ ይላል። ስክሪኑ ይጨልማል፣ የፊልሙ ስም ይወጣል። ተመልካቹ «አለቀ» ብሎ ትንፋሹን ሲለቅ የመጨረሻው ድንጋጤ ይመጣል።

ይህን ጥበብ በትንሽ ገንዘብ የሠሩም አሉ። ኦረን ፔሊ «ፓራኖርማል አክቲቪቲ»ን በ2006 የቀረጸው በገዛ ቤቱ፣ 15,000 ዶላር ገደማ አውጥቶ ነው። ፊልሙ በ2009 በየሲኒማው ሲሰራጭ ትሬይለሩ ከፊልሙ ይልቅ ተመልካቾቹን አሳየ፤ በጨለማ አዳራሽ በሌሊት ካሜራ የተቀረጹ ሰዎች ይጮኻሉ፣ ፊታቸውን ይሸፍናሉ። የሰው ፍርሃት ራሱ ማስታወቂያ ሆነ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ190 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

አንድ ደቂቃ በየቡ

የአማርኛ ፊልም አብዛኛው ፍቅርና ኮሜዲ ነው፤ አስፈሪ ፊልም ጥቂት ነው። የቦታና የታሪክ እጥረት ግን የለም። በኅዳር ሌሊት፣ በቡና ማድረቂያ ግቢ፣ በአንድ ስልክና በአንድ የእጅ ባትሪ የሚቀረጽ አንድ ደቂቃ እናስብ።

የመጀመሪያው ሾት ሰፊና የማይንቀሳቀስ ይሁን፦ በረድፍ የቆሙ፣ ለሌሊቱ ሸራ የለበሱ የቡና ማድረቂያ አልጋዎች። ድምፁ የሌሊት ነፍሳት ብቻ። ጥበቃው ባትሪውን እያበራ በረድፉ መሐል ይሄዳል። አንዱ ሸራ ጫፉ ተነስቷል፤ መልሶ ያለብሰውና ድንጋይ ይጭንበታል። አሁን ካሜራው ወደ ፊቱ ይቅረብ፤ ከኋላው የቡናው ጨለማ ይታይ። ጅብ ከሩቅ ይጮሃል፤ እሱ ዞር አይልም፣ ለምዶታል። ነፍሳቱ ግን በአንዴ ዝም ይላሉ። ይህኔ ዞር ይላል። ብርሃኑ በረድፉ ላይ ቀስ እያለ ተመልሶ ያችን አልጋ ያገኛታል፤ ድንጋዩ መሬት ላይ ነው። ጨለማ። የፊልሙ ስም። ከዚያ፣ ሁሉም ነገር ያለቀ ሲመስል፣ ከመንገዱ የአንድ ከባድ መኪና ፍሬን ፍሽሽ ይላል።

ጭራቅ አልተሠራም፣ የውሸት ደም አልፈሰሰም። የተነሳ ሸራና የወደቀ ድንጋይ ሥራውን ጨረሱት።

ይህን የሚሞክር ሰው የሁለት ነገር አደራ አለበት። አንደኛው ሰውን የሚመለከት ነው። የቡዳ ታሪክ ለፊልም ያማልላል፤ ነገር ግን በዚህ ስም አንጥረኞች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ለዘመናት ተገልለዋል። ጎረቤትን የሚያስፈራ ትሬይለር ከስክሪን ወጥቶ ሰው ይጎዳል። ሁለተኛው ልጆችን ይመለከታል። በ2018 «ዘ ነን» የተባለው ፊልም አጭር ማስታወቂያ የስልክ ድምፅ የሚቀንስ ምልክት አስመስሎ ተመልካቹን ካዘናጋ በኋላ በጩኸት ያስደነግጥ ነበር። ዩቲዩብ ማስታወቂያውን አነሳው፤ ልክም አደረገ። ፍርሃት ደስ የሚለው ሰው ወድዶ ሲገባበት ነውና።

ወጣቱ ትሬይለርን አንድ ጊዜ በድምፅ፣ አንድ ጊዜ ያለ ድምፅ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ቢከታተል ካሜራው የት እንደቆመ፣ ብርሃኑ ምን እንደደበቀ፣ ጸጥታው መቼ እንደገባ ይለያል። ያን ጊዜ እጁ ላይ ያለው ስልክ መቅረጫም ይሆንለታል። የየቡን ሌሊት ከየቡ ልጅ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ታሪኩንም ቀርጾ ለዓለም ማሳየት የሚገባው እሱ ነው።