ሽጉጥ ወይስ አጭር ጠመንጃ? የፊዚክስ መልስ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ የአሜሪካ ጦር አንድ ችግር ገጥሞት ነበር። ሹፌሩ፣ መድፈኛውና የሬዲዮ ሠራተኛው ጠላት ድንገት ቢደርስባቸው ራሳቸውን የሚከላከሉበት መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። የእግረኛው ረጅም ጠመንጃ ሥራቸውን ያሰናክላል፤ ሽጉጥ ደግሞ ለመታጠቅ ቢቀልም ብዙ ልምምድ በሌለው ሰው እጅ ዒላማውን ይስታል። መፍትሔ ሆኖ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1941 የጸደቀው ኤም1 ካርባይን ነው። ከትከሻ የሚተኮሰው ይህ አጭር ጠመንጃ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከ6 ሚሊዮን በላይም ተመርቷል። በኮሪያ የዘመተው የእኛው ቃኘው ሻለቃም ከተጠቀመባቸው የአሜሪካ መሣሪያዎች አንዱ ነበር። ለመሆኑ ትከሻን መደገፍ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣው ለምንድን ነው?

በመጀመሪያ ማነጣጠሪያውን እንመልከት። በጊዜው የጦሩ መደበኛ ሽጉጥ በነበረው ኤም1911 ላይ በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት 16.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በካርባይኑ ላይ ግን ወደ 55 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የተኳሹ እጅ ተንቀጥቅጦ የፊቱ ማነጣጠሪያ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ በተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሕግ መሠረት በ25 ሜትር ርቀት ላይ የሽጉጡ ጥይት 15 ሴንቲ ሜትር፣ የካርባይኑ ግን 4.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስታል። በዚያ ላይ ሽጉጥ በተዘረጉ እጆች ብቻ ሲያዝ፣ ካርባይን በሁለት እጅ፣ በትከሻና በጉንጭ ይደገፋል። ስለዚህ መንቀጥቀጡ ራሱ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ነገር ርግጫው ነው። የሽጉጡ ጥይት 15 ግራም ያህል ሲመዝን በሴኮንድ 253 ሜትር ይበርራል፤ የካርባይኑ 7 ግራም ሲሆን ፍጥነቱ በሴኮንድ 600 ሜትር ገደማ ነው። የጥይቶቹን የእንቅስቃሴ ጉልበት ብናሰላ ለሽጉጡ 480 ጁል፣ ለካርባይኑ 1,260 ጁል ያህል እናገኛለን። ታዲያ ካርባይኑ የበለጠ መርገጥ አልነበረበትምን?

የኒውተን 3ኛ ሕግ የሚነግረን ሌላ ነው። ጥይቱ ወደፊት የሚወስደው ሞመንተም፣ ማለትም የመጠነ ቁስና የፍጥነት ብዜት፣ በመሣሪያው ላይ ወደ ኋላ ይመለሳል። የባሩዱን ጋዝ ለጊዜው ብንተወው፣ 1.1 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ሽጉጥ በሴኮንድ 3.4 ሜትር ፍጥነት ወደ ኋላ ሲገፋ፣ 2.4 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ካርባይን በ1.8 ሜትር ገደማ ብቻ ይገፋል። ሽጉጡ ከመዳፍ በላይ ስለሚረግጥ አፈሙዙ ወደ ላይ ይሽከረከራል፤ የካርባይኑን ግፊት ግን ሰደፉ ወደ ትከሻ ያደርሰዋል፤ መላው አካልም ይሸከመዋል።

ይህ ሁሉ ግን ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። ከፍተኛ ጉልበት ያለው ጥይት ዒላማውን ቢስት ርቆ ይሄዳል፤ በመንገዱ ያለውን ሁሉ ያሰጋል። ሽጉጥ ከወገብ አይለይም፤ ካርባይን ግን ሠራተኛው ሁለት እጁን ለሥራ ሲፈልግ ከጎን ይቀመጣል፤ አደጋውም በዚያች ቅጽበት ሊመጣ ይችላል። ኤም1911 ካርባይኑ ከመጣ በኋላም እስከ 1985 የጦሩ መደበኛ ሽጉጥ ሆኖ የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። ፊዚክስ የትኛው መሣሪያ ዒላማውን በቀላሉ እንደሚመታ ያሰላልናል፤ በአስጨናቂው ሰዓት የትኛው በእጃችን እንደሚገኝ ግን አያሰላልንም።